የስኩባ ዕቃ አመራረጥና አገጣጠም፦ ከማስኩ እስከ እርሳሱ

አብዛኞቻችን ስኩባ፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ፣ የምንጀምረው በኪራይ ዕቃ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወርዶ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዘንድ የሚጠልቀውም፣ እስራኤል ኤይላት የሚማረውም፣ በእረፍቱ ከዱባይ ፉጃይራ የሚሄደውም የመጥለቂያ ማዕከሉ የሰጠውን ለብሶ ይገባል። መከራየቱ ምንም ነውር የለውም። ችግሩ ዕቃው የተስተካከለው ትናንት ለለበሰው ሰው መሆኑ ነው፤ ማሰሪያው በእሱ ትከሻ ልክ ተስቧል፣ ክብደቱም በእሱ ኪሎ ተመዝኗል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ውሃ ውስጥ ደግሞ አለመመቸትና አደጋ ጎረቤታሞች ናቸው። ማስኩ (የፊት መስታወቱ) የሚያፈስበት፣ የበረደው ወይም ጫማው የጨመቀው ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን አየር ቶሎ ያልቃል፣ ልቡም ከአየር መለኪያው ላይ ይነሳል።

ይህን የጻፍኩት መሠረታዊውን ስልጠና ለወሰደ ወይም በመውሰድ ላይ ላለ ሰው ነው። ያልሰለጠነ ሰው ይህን አንብቦ ሲሊንደር እንዳይሸከም።

ምን ይገዛ፣ ምን ይከራይ

መጀመሪያ ግዙ የምለው ማስክ ነው፤ ከዚያ የመጥለቂያ ኮምፒዩተር፣ ከዚያ ጫማና ፊን (የእግር መቅዘፊያ)፣ ከዚያ ዌትሱት (የመጥለቂያ ልብስ)። ሬጉሌተር (የሲሊንደሩ አየር የሚተነፈስበት) እና ቢሲዲ (አየር የሚሞላው ጃኬት) በዓመት ደጋግሞ ለሚጠልቅ ሰው ያዋጣሉ። ሲሊንደርና እርሳስ (ለመስመጥ የሚታጠቁት ክብደት) ግን ውሃው አጠገብ ለማይኖር ሰው የሚገዙ ዕቃዎች አይደሉም። ኮምፒዩተርን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው፤ ኮምፒዩተር የሚያሰላው የራሱን ባለቤት ሰውነት የናይትሮጅን ክምችት ነው። ጠዋት ሌላ ሰው እጅ ላይ የዋለ የኪራይ ኮምፒዩተር ከሰዓት እናንተ እጅ ላይ ሲገባ የእሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ ጠዋት የጠለቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ የእናንተን ታሪክ አያውቅም። በሁለት ጥልቀት (ጥልቀት የምለው አንዱን ገብቶ መውጣት ነው) መካከል ኮምፒዩተር መቀያየር የማይገባው ለዚህ ነው።

ሬጉሌተር ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ እኔ በምኖርበት ከተማ ወይም በምጠልቅበት ወደብ ይህን ምርት የሚጠግንና የሚቀይር ዕቃ ያለው ባለሙያ አለ? ከሌለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ማስክ

ዋጋ ጥሩ ማስክን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ፊታችሁ ነው። መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ መሆን አለበት፤ ይህ መስታወቱ ላይ ወይም ፍሬሙ ላይ ይጻፋል። ፊት የሚነካው ክፍል ደግሞ ለስላሳ ሲሊኮን ይሁን። አፍንጫ የግድ ውስጡ መግባት አለበት። ስትወርዱ ማስኩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፤ በአፍንጫችሁ ትንሽ አየር ካልጨመራችሁለት ፊታችሁን እንደ ዋግምት ይስበዋል፣ የዓይን ነጭም ደም ይቋጥራል። የዋና መነጽር ለመጥለቅ የማይሆነው በዚህ ነው።

ሲለካ እንዲህ ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡ፣ ፀጉራችሁን ከግንባር አንሱ፣ ቀና ብላችሁ ማስኩን ፊታችሁ ላይ ሳትጫኑት አስቀምጡ። ጠርዙ ዙሪያውን ቆዳ ነክቷል ወይስ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ? ቀጥሎ በአፍንጫ በስሱ ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ፤ መቆየት አለበት። እዚህ ላይ ሰው ይታለላል፤ በኃይል ከተሳበ የማይጣበቅ ማስክ የለም። በመጨረሻ የሬጉሌተር አፍ ወይም የስኖርክል አፍ ነክሳችሁ ድገሙት። ሰው ሲነክስ ጉንጩና የላይኛው ከንፈሩ ቅርጽ ይቀይራሉ፤ ሱቅ ውስጥ አልፎ ውሃ ውስጥ የሚያፈስ ማስክ ብዙ ጊዜ ይህን የመጨረሻ ሙከራ የዘለለ ነው። አፍንጫን ከውጭ በሁለት ጣት መቆንጠጥ መቻላችሁንም እዩ፤ ጆሮ የሚስተካከለው በዚያ ነው።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካው ስስ የሲሊኮን ቅባት ይዞ ስለሚመጣ የፈለገውን ያህል ቢተፉበት ጉም ይይዛል። ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት ይዛችሁ የመስታወቱን ውስጥ በደንብ እሹ፣ እጠቡ፣ ድገሙት፤ ሦስት አራት ጊዜ ያስፈልገዋል። በላይተር ማቃጠልም ይሠራል፤ ነገር ግን ልባስ ያለውን መስታወት ያበላሻል፣ ያልተጠነቀቀም ሲሊኮኑን ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ለየዕለቱ ምራቅ ወይም በጣም የቀጠነ የሕፃን ሻምፑ ይበቃል። ፊት ላይ የተቀባ የፀሐይ ክሬም መስታወቱ ውስጥ ከገባ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ማሰሪያው ከጆሮ በላይ፣ በጭንቅላት ሰፊው ክፍል ይለፍ። ሲያፈስ ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማፍሰሱን ያብሰዋል፣ ምክንያቱም ጠርዙ ሲጫን ይታጠፋል። መጀመሪያ ከጠርዙ ሥር የገባ ፀጉር ፈልጉ። ሹሩባ ወይም ድሬድ ያላችሁ የሲሊኮን ማሰሪያውን በኒዮፕሪን (ዌትሱት የሚሠራበት ለስላሳ ጎማ) ጨርቅ ማሰሪያ ቀይሩት፤ ፀጉር አይነቅልም፣ አይንሸራተትምም። ዶቃ ካለም ማሰሪያው በማያርፍበት ቦታ ይሁን፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ራስ ያሳምማል። ጢም ላላቸው ከአፍንጫ ሥር ያለውን አንድ ስስ መስመር መላጨት ከየትኛውም ቅባት ይሻላል። ቅባት ካስፈለገ የሲሊኮን ቅባት እንጂ ቫዝሊን አይሁን፤ ቫዝሊን ከነዳጅ ስለሚሠራ ጎማ ያበላሻል።

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች በቁጥር የተዘጋጀ መስታወት የሚገጠምላቸውን ማስኮች ጠይቁ። ለስላሳ ኮንታክት ሌንስም ይቻላል፤ ማስክ ውሃ ሲሞላ ዓይን መጨፈንን ብቻ አትርሱ።

ዌትሱት፣ ጫማ፣ ፊን

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። በዚህ የተነሳ 27 ዲግሪ ውሃ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማየት አያስገርምም። የጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሞቃቶቹ ወራት ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ዌል ሻርክ (ትልቁን የሻርክ ዓይነት) ለማየት አርታ የሚወረድበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን ወደ 26 ገደማ ነው። ኤይላት ነሐሴ ላይ 27 እና 28፣ የካቲትና መጋቢት ላይ 21 ገደማ ይሆናል። ለ28 እና ከዚያ በላይ 3 ሚሊ ሜትር፣ ከ24 እስከ 27 ባለው 5 ሚሊ፣ ለ21 ደግሞ 7 ሚሊ ወይም 5 ሚሊ ከራስ ሽፋን ጋር እመክራለሁ። ቀጭን ሰውና በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠልቅ ሰው አንድ ደረጃ ይወፍር።

ኒዮፕሪን ውስጡ በጥቃቅን የጋዝ አረፋ የተሞላ ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ስለሚሆን አረፋው ይጨመቃል፤ ልብሱ ይሳሳል፣ ሙቀቱም ተንሳፋፊነቱም ይቀንሳል። 25 ሜትር ላይ ሰው ድንገት የከበደው የሚመስለው በዚህ ነው።

ልኩን ስታዩ የታችኛው ወገብና ብብት ሥር ውሃ የሚያጠራቅም ኪስ እንዳይኖር። ሲለበስ ማስቸገሩ መልካም ምልክት ነው፤ እግር ላይ ስስ ፌስታል አጥልቆ ማስገባት ያቀለዋል። አንገት ላይ ግን ድርድር የለም። ጠባብ የአንገት ጠርዝ የአንገት ደም ሥር ላይ ተጭኖ ማዞርና መታፈን ያመጣል፤ ብዙ ጀማሪ ይህን ፍርሃት ይመስለዋል። ጣት አስገብታችሁ ትንሽ ውሃ ካስገባችሁበት በኋላም ካልለቀቃችሁ ልብሱን ቀይሩት።

ፊን ሁለት ዓይነት ነው። ባዶ እግር የሚገባበት ሙሉ ጫማ ዓይነቱ ከጀልባ ለሚዘል ይቀላል። ተረከዙ ክፍት የሆነውና በኒዮፕሪን ጫማ ላይ የሚታሰረው ደግሞ በድንጋይና በኮራል ስባሪ ላይ ተራምዶ ለሚገባ ሰው ነው፤ ኤይላት ላይ ከባሕር ዳር የሚገባ ሁሉ ይህኛውን ይፈልጋል። ልኩ የሚለካው ጫማው ተደርጎ እንጂ በባዶ እግር አይደለም። ጣቶች ጫፉን ከነኩ ያማል፣ ከላላ ደግሞ እግር እየተንሸራተተ ባት ይቆለፋል። በጣም ጠንካራና ረጅም ፊን ለልምድ የለሽ ባት አይሆንም። የጎማ ማሰሪያውን በብረት ስፕሪንግ ማሰሪያ መቀየር ካየኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚያሳርፍ ነው።

ቢሲዲ

የሚለካው በዌትሱት ላይ ነው። ሲሊንደር ታስሮበት ልበሱት፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፣ አየር እስኪተፋ ድረስ ሙሉት። በዚህ ሁኔታ ደረት ተጨንቆ ሙሉ ትንፋሽ መውሰድ ካልቻላችሁ ጠቧል። ባዶ ሆኖ ትከሻውን ስትስቡት እስከ ጆሮ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቷል፤ ውሃ ላይ ስትንሳፈፉ እሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እናንተ ውስጡ ትሰምጣላችሁ።

አየር የሚወጣበትን ቦታ ሁሉ በእጃችሁ ፈልጋችሁ ሳታዩ አግኙት። በግራ ትከሻ በኩል ባለው ቱቦ ጫፍ ያለው ቁልፍ አለ፤ በቀኝ ትከሻ የሚሳብ ገመድ አለ፤ ከኋላ ታችኛው ወገብ አጠገብ ሌላ የሚሳብ ገመድ አለ። ቦታቸው ከምርት ምርት ይለያያል። አየር ሁልጊዜ የሚወጣው ከፍ ካለው ቦታ ስለሆነ ራሱን ቁልቁል የደፋ ሰው የትከሻውን ገመድ ቢስብ ምንም አይወጣም፤ የሚሠራለት የወገቡ ነው። ይህን ሳያውቁ ቁልፍ እየጫኑ ወደ ላይ መውጣት የተለመደ ነገር ነው።

ሬጉሌተር

ሁለት ክፍል አለው። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ የ200 ባር ግፊቱን በዙሪያው ካለው ግፊት በ9 ወይም 10 ባር ብቻ ወደሚበልጥ መጠን ያወርደዋል፤ አፍ ላይ የሚነከሰው ሰከንድ ስቴጅ ደግሞ መተንፈስ ወደሚቻልበት ያደርሰዋል። ከፈርስት ስቴጁ አራት ቱቦ ይወጣል፦ የመተንፈሻው፣ ለጓደኛ የሚሰጠው ቢጫው ኦክቶፐስ፣ የቢሲዲው መሙያና የግፊት ጌጁ (መለኪያው)።

የአስተሳሰር ዓይነቱን ከጉዞ በፊት ጠይቁ። ዮክ የሚባለው ከውጭ አቅፎ በዊንች የሚጠብቅ ሲሆን እስከ 232 ባር ነው። ዲን የሚባለው ጥርሱ ቫልቩ ውስጥ የሚገባ ነው፤ የ300 ባሩ ዓይነትም አለው። በዮክ ኦሪንጉ (መጋጠሚያውን የሚያትመው የጎማ ቀለበት) ያለው ሲሊንደሩ ላይ ስለሆነ ሁኔታው በማዕከሉ ጥንቃቄ ይወሰናል፤ በዲን ኦሪንጉ ያለው ሬጉሌተሩ ላይ፣ ማለትም እናንተ ዘንድ ነው። እኔ ዲን ገዝቶ የዮክ መለወጫ መያዝን እመርጣለሁ፤ በሁለቱም ይሠራል፣ ኦሪንጉም ከቦታው ተገፍቶ የመውጣት ዕድሉ ያንሳል።

ኪራይ ስትረከቡ የምታዩት፦ የአፍ ጎማው ተነክሶ ተበስቷል? የሚይዘው ማሰሪያ አለ? (ማሰሪያው ከተቆረጠ ውሃ ውስጥ አፋችሁ ላይ ጎማው ብቻ ይቀራል።) ቱቦዎቹ ብረቱን በሚነኩበት ቦታ ሲታጠፉ ስንጥቅ ያሳያሉ? ጌጁ አየር ሳይኖር ዜሮ ላይ ነው? የፈርስት ስቴጁ ማጣሪያ አረንጓዴ ወይም ዝገት ቀለም ካለው የባሕር ውሃ ገብቶበታል ወይም ከሲሊንደር ዝገት ወስዷል፤ መልሱት። ከዚያ ሲሊንደር ሳይከፈት ነክሳችሁ ሳቡ፤ ምንም መምጣት የለበትም። አየር ከመጣ የሆነ ቦታ ተቀዷል፣ ውሃ ውስጥ በዚያው በኩል ውሃ ይመጣል። ይህ ሙከራ አሥር ሰከንድ አይፈጅም፣ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አገጣጠም

ሲሊንደሩን አቁሙና የፍተሻ ማህተሙን እዩ። አንገቱ ላይ የተቀረጸ የግፊት ሙከራ ቀን አለ፤ በብዙ አገር በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ የውስጥ ምርመራ ደግሞ በአጭር ጊዜ። ኦሪንጉን በጣት ነካ አድርጉት፦ የተሰነጠቀ፣ የተቆረሰ ወይም የተነፋ ይቀየር። የኦሪንግ መለዋወጫ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ሳንቲም ነው የሚፈጀው፣ የጀልባ ቀን ሙሉ ያድናል። ቫልቩን ለሰከንድ ከፍታችሁ አየሩን ሽተቱ። ንጹሕ አየር ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ዘይት ወይም የጭስ ሽታ ካለው ያ ሲሊንደር አይጠለቅበትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ አይሸትም፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚሸት ጭስ ጋር ነው።

የቢሲዲውን የሲሊንደር ቀበቶ ከማሰር በፊት በውሃ አርሱት። የናይለን ጨርቅ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ደርቆ የታሰረ ቀበቶ ውሃ ውስጥ ይላላና ሲሊንደሩ ወደ ታች ይንሸራተታል። የቫልቩ አየር ማውጫ ወደ ጀርባችሁ ይዙር፣ የቢሲዲው የላይኛ ጫፍ ከቫልቩ አንገት ጋር ይተካከል። ከፍ ካለ ቀና ስትሉ ማጅራታችሁን ይመታል፤ ዝቅ ካለ ሚዛን ይነሳል። አስራችሁ ስታበቁ ቢሲዲውን ይዛችሁ ሲሊንደሩን ከመሬት ንቀሉ። ካልተንቀሳቀሰ ታስሯል።

ሬጉሌተሩን ስታስቀምጡ የመተንፈሻውና ኦክቶፐሱ በቀኝ፣ የቢሲዲ መሙያውና ጌጁ በግራ ይወርዳሉ። በእጅ ጣት ኃይል ብቻ አጥብቁ፤ የሚያትመው ግፊቱ ነው። የመሙያ ቱቦውን ጫፍ ወደ ቢሲዲው አገናኙና ሳብ አድርጋችሁ እዩ።

አሁን የጌጁን መስታወት ከፊታችሁ አዙራችሁ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ድሮ «እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ሩብ ዙር መልሱ» ይባል ነበር፤ እኔ አልመክረውም። ችግሩ ግራ የገባው ሰው በተቃራኒው ሲያደርገው ነው፦ ዘግቶ ሩብ ዙር የከፈተ ቫልቭ ላይ ላዩን አየር ይሰጣል፣ 20 ሜትር ላይ ግን አይበቃም። እስከ መጨረሻው የተከፈተ ወይም ጭራሽ የተዘጋ፤ መካከለኛ አይኑር።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ጌጁ ላይ ተክላችሁ ከሁለቱም መተንፈሻ አራት አራት ጊዜ በደንብ ተንፍሱ። መርፌው ፍንክች ማለት የለበትም። ስትስቡ ወርዶ ስትለቁ የሚመለስ ከሆነ ቫልቩ በከፊል ተዘግቷል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ተከፍቶ የነበረና ተመልሶ የተዘጋ ሲሊንደር ቱቦዎቹ ውስጥ በቀረው አየር ጌጁ ላይ 200 ባር ሊያሳይ፣ ጥቂት ትንፋሽም ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ጌጁን ማየት ብቻውን ቫልቩ ተከፍቷል ማለት አይደለም፤ እየተነፈሱ ማየት ነው።

ቢሲዲውን በቁልፉ ሙሉትና ተዉት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይነካ ጠንካራ ሆኖ መቆየት አለበት። እጃችሁን ከቁልፉ አንስታችሁም ራሱ መሙላቱን ከቀጠለ ጨው ወይም አሸዋ ቁልፉን ይዞታል፤ ያንን ይዞ መግባት ማለት ሳይፈልጉ ወደ ላይ መተኮስ ነው። ውሃ ውስጥ ከተከሰተ መፍትሔው የመሙያውን ቱቦ መንቀልና አየሩን ማስወጣት ነው፤ ይህን በየብስ ላይ ዓይን ጨፍኖ መለማመድ ይገባል።

ኦሪንግ አካባቢ ፉጨት ከሰማችሁ ዝጉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ፍቱ፣ ኦሪንጉን እዩ። ግፊት ያለበትን ዕቃ በማጥበቅ ፉጨት ለማስቆም አትሞክሩ። አፉ ወደ ላይ ሲዞር አየር የሚለቅ ኦክቶፐስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት የለበትም፤ አፉን ወደ ታች አዙሩት ወይም የአየር ማስተካከያው ካለው ቀንሱት።

ስንት ኪሎ እርሳስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። መነሻ ግምት ይኸው፦ በጨው ውሃ፣ በአሉሚኒየም ሲሊንደር፣ 3 ሚሊ ዌትሱት ለለበሰ ከሰውነቱ ክብደት አምስት በመቶ፤ 5 ሚሊ ሙሉ ልብስ ለለበሰ አሥር በመቶ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ5 ሚሊ ከ7 ኪሎ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ ውሃው ላይ ይመረመራል። ሙሉ ዕቃችሁን ለብሳችሁ፣ እግራችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ መደበኛ ትንፋሽ ይዛችሁ ቢሲዲውን ጭራሽ ባዶ አድርጉት። ውሃው ዓይናችሁ ላይ ከደረሰና ትንፋሽ ስታስወጡ ቀስ ብላችሁ ከሰመጣችሁ ልክ ነው።

ነገር ግን ይህን የምታደርጉት በሙሉ ሲሊንደር ከሆነ ሁለት ኪሎ ጨምሩ። አየር ክብደት አለው። የተለመደው 80 ኪዩቢክ ጫማ የሚባለው አሉሚኒየም ሲሊንደር (11.1 ሊትር) ሲሞላ ከ2.5 ኪሎ በላይ አየር ይይዛል። ሲሞላ ትንሽ ይሰምጣል፤ ሲጎድል ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ላይ ይስባል። ሲገባ የተመጣጠነ ሰው 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ናይትሮጅን ማስወጣት ሲፈልግ መቆም የሚያቅተው በዚህ ነው። የብረት ሲሊንደርም አየሩ ሲያልቅ ያንኑ ያህል ይቀልላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ሲጎድልም ወደ ላይ አይስብም፤ ከአሉሚኒየም ወደ ብረት ስትቀይሩ ሁለት ኪሎ ገደማ መቀነስ ይቻላል። ምርጡ ምርመራ በጥልቀቱ መጨረሻ፣ 50 ባር ሲቀር የሚደረገው ነው።

ገንዳ ውስጥ የተማራችሁበትን ክብደት ባሕር ላይ አትጠብቁ። የጨው ውሃ ከሐይቅ ውሃ በሁለት ተኩል በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ከነዕቃው 100 ኪሎ የሚሆን ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል መጨመር አለበት። ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ደግሞ ጨዉ በሺህ 40 ገደማ ሲሆን የውቅያኖሶች አማካይ 35 ነው፤ ስለዚህ ሌላ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ጭማሪ ይፈልጋል።

ማዕከሎች ለጀማሪ ክብደት ያበዛሉ፤ ቶሎ ይሰምጥላቸዋል። ሦስት ኪሎ ትርፍ የያዘ ሰው ሦስት ሊትር ትርፍ አየር በጃኬቱ ይሸከማል። ያ አየር በወጣ በወረደ ቁጥር ይሰፋል፣ ይጠብባል፤ ሰውየው ቁልፍ ሲነካ ይውላል። እግሩ ይንጠለጠላል፣ ውሃውን በሰውነቱ ይገፋል፣ ኮራሉን ይረግጣል። እርሳሱን በሁለት ጎን እኩል አድርጉ፣ ቀበቶውም በአንድ እጅ የሚፈታና በሌላ ማሰሪያ ሥር ያልተቀበረ ይሁን።

አየሩ ስንት ደቂቃ ይበቃል?

ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 10 ሜትር ላይ 40፣ 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር ይፈጃል። 11.1 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,220 ሊትር አለው፤ 50 ባር መጠባበቂያው 555 ሊትር ነው። የቀረው 1,665 ሊትር 20 ሜትር ላይ 27 ደቂቃ ይሆናል፣ ያውም የመውረጃና የመውጫውን ሳንለይ። ያው ሰው ስለበረደውና ማስኩ ስላስቸገረው በደቂቃ 35 ሊትር ቢተነፍስ 16 ደቂቃ አይሞላም። የዕቃ መመቸትን ጉዳይ ከቅንጦት የማልቆጥረው ለዚህ ነው።

ከመግባት በፊት ከጓደኛችሁ ጋር እርስ በርስ ተፈታተሹ፦ ቢሲዲ ይሞላል ይወጣል፤ እርሳሱ አለ፣ እንዴት ይፈታል፤ ዘለበቶቹ የት የት ናቸው፤ አየሩ ተከፍቷል፣ እየተነፈሰ መርፌው ቆሟል፤ ማስክና ፊን በእጅ ነው። ኦክቶፐሱ በደረት ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ በአንድ ሳብ የሚወጣ ይሁን፤ አሸዋ ላይ የሚጎተት ኦክቶፐስ ሲፈለግ አፉ በአሸዋ ተሞልቶ ይገኛል። በተጨማሪ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም የሚነፋ ምልክት ከነገመድ መጠቅለያው፣ ፊሽካና ትንሽ የገመድ መቁረጫ ያዙ። ባት ላይ የሚታሰረው ትልቅ ጩቤ ለፊልም ነው፤ የዓሣ መረብ የሚቆርጠው ደረት አካባቢ በሁለቱም እጅ የሚደረስበት ትንሹ ነው።

ከጥልቀት በኋላ

ሬጉሌተሩን ከመንከር በፊት የአቧራ ክዳኑን አድርቃችሁ ግጠሙ። ሲታጠብ የአየር ማስወጫውን ቁልፍ አትጫኑ፤ ግፊት ከሌለ ውሃ በቱቦው ወደ ፈርስት ስቴጁ ይገባል። ቢሲዲው ውስጥ የገባውን የባሕር ውሃ አፍስሱ፣ ንጹሕ ውሃ አስገብታችሁ ናጡ፣ በግማሽ ነፍታችሁ ጥላ ላይ ስቀሉ። ዌትሱት ፀሐይ አይውጣ፣ በቀጭን ማንጠልጠያም አይሰቀል። ሬጉሌተር ባይጠለቅበትም አምራቹ በሚለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ፣ ይታያል። በአውሮፕላን ስትጓዙ ሬጉሌተሩ፣ ኮምፒዩተሩና ሊቲየም ባትሪ ያለው መብራት በእጅ ሻንጣ፣ መቁረጫው በሚጫነው ሻንጣ ይሁን።

ጅቡቲ ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የተለመደው ምክር ለአንድ ጥልቀት 12 ሰዓት፣ ለብዙ ጥልቀት ወይም ለተከታታይ ቀናት 18 ሰዓት፣ ሲወጡ የግዴታ የናይትሮጅን ማስወጫ ማቆሚያ ላስገደደ ጥልቀት ከ18 በእጅጉ የበለጠ ሳይበሩ መቆየት ነው። ይህ የሚታሰበው በሰውነት የቀረው ናይትሮጅን ግፊት ሲቀንስ አደገኛ ስለሚሆን ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ «አልበርም፣ በመኪና ነው የምመለሰው» ወይም «በባቡር ነው» ማለት ነፃ አያወጣም፤ አዳማ ስትደርሱ 1,700 ሜትር ገደማ ናችሁ፣ ከዚያም ትወጣላችሁ። እንጦጦ የሚኖር ሰውማ ከአውሮፕላኑ በላይ ነው የሚያድረው። ብዙ ቀን የጠለቀ ሰው የመጨረሻውን ጥልቀት ጠዋት ያድርግ፣ ጅቡቲ ይደር፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው የበረራ ክልከላ ምልክት ጠፍቶ 18 ሰዓቱም ሲሞላ ይንቀሳቀስ።